ከዱመርሶ ቡና እስከ መድኃኒት ስሌት፦ ለሶፍትዌሩ ስንት እንክፈል?

ዱመርሶ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ቡናው ነው። አሥር ሰዓት ላይ የጠጣነው ቡና ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን የካፌይኑ ግማሽ ያህል ገና በሰውነታችን ውስጥ አለ፤ በጤነኛ ጎልማሳ ካፌይን በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ገደማ ይወስድበታልና። መድኃኒትም እንዲሁ ነው። በምን ፍጥነት ወደ ደም እንደሚገባና እንደሚወጣ የሚያሰላው ሙያ ፋርማኮኪኔቲክስ ይባላል። ዛሬ የምናወጋው ስለዚህ ስሌት ዋጋ ነው።

ስሌቱ ሲጀመር ሶፍትዌር አልነበረም። ስዊድናዊው ቶርስተን ቴኦሬል መሠረታዊ ቀመሮቹን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ ሉዊስ ሻይነርና ስቱዋርት ቢል በሳን ፍራንሲስኮ «ኖንሜም»ን አስተዋወቁ። ከእያንዳንዱ ሕመምተኛ ጥቂት የደም ናሙና ብቻ ተወስዶም የብዙዎቹን አንድ ላይ ማስላት ተቻለ። ቆይቶ «ዊንኖንሊን» መጣ። ሁለቱም ፈቃድ የሚጠይቁ ናቸው፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነው።

ታዲያ እኛን ምን አገባን? እ.ኤ.አ. በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶዎቹ ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለው ጂን ተባዝቶ ተገኘባቸው። ይህ ጂን የሚሠራው ኢንዛይም ኮዴይንን ወደ ሞርፊን ይለውጣል፤ ጂኑ የተባዛበት ሰው ከሚገባው በላይ ሞርፊን ሊያገኝ ይችላል። በስዊድናውያን ግን ይህ በመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ላይ ብቻ የሚታይ ነው። በሌላ አገር ሰው የተለካ መጠን ለእኛ ልክ ላይሆን ይችላል ማለት ነው። በዚያው ዓመት ዲላ ላይ የመምህራንና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተከፈተ፤ የዛሬው ዲላ ዩኒቨርሲቲ። መረጃው ከእኛ ደም እየተቀዳ፣ ስሌቱ ለምን ሁልጊዜ ውጭ አገር ይሠራ?

አማራጮቹን እንመዝን። የመጀመሪያው በየካፌው የለመድነው «ክራክ» ነው። ነፃ ይመስላል፤ ነገር ግን ቫይረስ ይዞ ይመጣል፣ መጽሔቶችም የሶፍትዌሩን ስምና ቨርዥን ሲጠይቁ ያሳፍራል። ሁለተኛው ኤክሴል ነው። በደም ውስጥ ያለውን መጠን ከሰዓት ጋር አስቀምጦ፣ ከመስመሩ ሥር ያለውን ስፋት በትራፒዝየም ቆራርጦ መደመር ይቻላል። ለማስተማር ግሩም ነው፤ ለመቶ ሰው መረጃ ግን አንዲት የተሳሳተች ሴል ሁሉንም ታበላሻለች።

ሦስተኛው «አር» ነው። ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን ኒውዚላንድ ውስጥ ጀምረውት፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በነፃ ፈቃድ ለቀቁት። በላዩ የተሠራው «ፒኬኤንሲኤ» የትራፒዝየሙን ሥራ ይሠራል፤ «ኤንኤልሚክስአር» ደግሞ የኖንሜምን ዓይነት። «ተቀባይነት ይኖረዋል ወይ?» ለሚል፣ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2015 ለስታቲስቲክስ ትንተና የተለየ ሶፍትዌር እንደማያስገድድ በጽሑፍ ገልጿል። የሚጠይቀው ሥራው አስተማማኝ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ነው።

ነፃ ማለት ግን ያለ ዋጋ ማለት አይደለም። አር ቁልፍ ተጭነው የሚጨርሱት ነገር አይደለም፤ ኮድ መጻፍ ይጠይቃል፣ ስህተቱን የሚያይ መምህርም ይፈልጋል። የእኛ ፍርድ ይኸው ነው፦ ተማሪው በእጁና በኤክሴል ይጀምር፣ ምርምሩን በአር ይሥራ፣ የፈቃዱ ገንዘብ አሠልጣኝ ይቅጠርበት። ፈቃድ ቀኑ ሲደርስ ያልቃል፤ ማስላት የለመደ ሰው ግን ሌላውን ያስተምራል።