ወደ አውሮፓ ኅብረት ለሚላክ ቡና የሚያስፈልግ የማሳ መረጃ፦ ለወልድያ፣ ለመርሳና ለሀብሩ አምራቾችና ነጋዴዎች

የአውሮፓ ኅብረት ደን ተጨፍጭፎ በተገኘ መሬት ላይ የተመረቱ ምርቶች ወደ ገበያው እንዳይገቡ የሚከለክል ደንብ በ2015 ዓ.ም. አውጥቷል። ሁለት ጊዜ የተራዘመው ይህ ደንብ ለትላልቅና ለመካከለኛ ድርጅቶች ከታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ለጥቃቅንና ለአነስተኛ ድርጅቶች ደግሞ ከሰኔ 23 ቀን 2019 ዓ.ም. ጀምሮ ተፈጻሚ ይሆናል።

ደንቡ የሚመለከተው ቡናን፣ ካካዎን፣ የቀንድ ከብትን፣ እንጨትን፣ ጎማን፣ አኩሪ አተርንና የዘንባባ ዘይትን ነው። ማሾ፣ ሰሊጥ፣ ሽንኩርትና ማንጎ የሚነግዱ በዚህ ደንብ ምክንያት የሚጠየቁት ማስረጃ የለም። በሀብሩ ወረዳ በጓሮና በመስኖ የሚለማው ቡና መጠኑ ከጅማና ከሲዳማ ጋር የሚነጻጸር ባይሆንም፣ ወደ ላኪ እጅ ከገባ በኋላ የሚጠየቀው ማስረጃ አንድ ዓይነት ነው።

ማስረጃውን ለኅብረቱ የሚያቀርበው አስመጪው ቢሆንም፣ መረጃው የሚገኘው ከማሳው ብቻ ነው። ቡናው የተመረተበት መሬት ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን የተመነጠረበት መሆን የለበትም። ከዚያ ቀን በፊት የእርሻ መሬት በነበረ ማሳ ላይ አሁን ቡና መትከል ችግር አይፈጥርም።

ስፋቱ ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ የመገኛ ነጥብ ይበቃል፤ የአካባቢያችን አርሶ አደር ይዞታ በአብዛኛው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። ነጥቡ በማሳው ላይ ቆሞ፣ በእጅ ስልክም ቢሆን፣ ሊወሰድ ይችላል። ኬክሮስና ኬንትሮስ ከነጥብ በኋላ ቢያንስ 6 አኃዝ ይኖራቸዋል። ቀላል ማጣሪያ አለ፦ በመርሳ ዙሪያ ኬክሮስ በ11፣ ኬንትሮስ በ39 ይጀምራል። ቁጥሮቹ ቦታ ከተለዋወጡ ማሳው በካርታ ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ፣ ባሕር ላይ ይወድቃል፤ ይህም ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ስሕተት ነው።

ትልቁ ኪሳራ የሚመጣው ግን ከመጋዘን ነው። መገኛው የታወቀ ቡና ካልታወቀ ቡና ጋር ከተቀላቀለ ሙሉው ጭነት ወደ ኅብረቱ ገበያ መግባት አይችልም። አንድ ኩንታል ያልተመዘገበ ቡና የሌሎች አርሶ አደሮችን ድካም ዋጋ ያሳጣል። ስለዚህ ሰብሳቢ ነጋዴ በግዢው ዕለት የአምራቹን ስም፣ ቀበሌ፣ መጠንና የማሳ ነጥብ በአንድ መዝገብ ያሰፍራል፤ ከረጢቱ ላይም የመዝገቡን ቁጥር ይጽፋል። በቃል ይዞ ኋላ እጽፈዋለሁ ማለት በተግባር አልመዘገብኩም ማለት ነው።

ደንቡ ምርቱ በአምራቹ አገር ሕግ መሠረት የተመረተ መሆኑንም ይጠይቃል። ለዚህ ዋናው ማስረጃ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአካባቢው በነበረው ጦርነት ደብተራቸው የጠፋባቸው ባለይዞታዎች የመኸሩን ግዢ ሳይጠብቁ ለወረዳው መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይኖርባቸዋል። ደብተሩ በባልና በሚስት ስም የተመዘገበ ከሆነ በነጋዴው መዝገብም የሁለቱም ስም ይሰፍራል።

በአገር አቀፍ ደረጃ የቡና ጉዳይ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ቡናና ሻይ ባለሥልጣንን ነው። የሀብሩ አርሶ አደሮች ማሳቸው ቀደም ሲል መመዝገቡን ለማጣራት በቅድሚያ መርሳ የሚገኘውን የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ ሲሄዱም የይዞታ ደብተራቸውንና የቀበሌ መታወቂያቸውን ይያዙ። አስመጪዎች መረጃውን ለ5 ዓመት የማቆየት ግዴታ ስላለባቸው፣ ነጋዴዎችም የግዢ መዝገባቸውን ቢያንስ ለዚሁ ጊዜ እንዲያስቀምጡ እንመክራለን።