የመንገድ ዕዳ

በመምህርነት ዘመኔ ተማሪዎቼን «መንገድ የማን ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው፥ አብዛኞቹ «የመንግሥት ነው» ይሉኝ ነበር፤ አንዳንዶቹም «የማንም አይደለም» ይሉ ነበር። የዚህን ጥያቄ ክብደት የሚያስረዳ ታሪክ በእንግሊዝ አገር በስቲልተን መንደር ይገኛል። ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ስቲልተን ከለንደን በስተሰሜን ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፥ ሮማውያን ባቀኑት ጎዳና ላይ ያለች መንደር ናት። ወደ ስኮትላንድ የሚወስደው ታላቁ የሰሜን መንገድ መካከልዋን አቋርጦ ያልፍ ነበር። በ1555 በወጣው ሕግ የየደብሩ ሰዎች በዓመት 4 ቀን፥ ከ1563 ጀምሮም 6 ቀን፥ ያለ ደመወዝ በክልላቸው ያለውን መንገድ እንዲጠግኑ ታዘዙ። ነገር ግን ታላቁን መንገድ ይበልጥ የሚያፈርሰው ከሩቅ የሚመጣው የነጋዴ ከባድ ሠረገላ ነበረ፤ ገበሬው ሌላው ያፈረሰውን ሲጠግን ይውል ነበር።

ስለዚህ በ1663 ፓርላማው መንገደኛው ራሱ ቀረጥ እንዲከፍል ወሰነ። ኬላ እንዲቆምባቸው ከተመረጡት ሦስት ስፍራዎች አንዱ ስቲልተን ነበረ። የአካባቢው ሰው ግን አጥብቆ ስለ ተቃወመ ኬላው ሳይቆም ቀረ። ሸክሙ የከበደው ሕዝብ፥ ሸክሙን የሚያቃልልለትንም ነገር ጠላ።

በሚቀጥለው መቶ ዓመት የኬላው ሥርዓት ተስፋፍቶ መንገዱ ሲበጅ፥ ለመንደሪቱ ሲሳይ የመጣላት በዚያው መንገድ ነው። «ደወል» በሚባለው የእንግዳ ማረፊያ የሠረገላ ፈረስ ይለወጥ፥ መንገደኛም ይመገብ ነበር። ለመንገደኛ ይሸጥ የነበረውም አይብ የመንደሪቱን ስም ይዞ በዓለም ታወቀ። በ1850 የባቡር ሐዲድ በሌላ በኩል ባለፈ ጊዜ ግን የሠረገላው ንግድ ሞተ፤ ማረፊያዎቹም ጭር አሉ። በኋላ አውቶሞቢል እንግዳውን ቢመልስ፥ ጩኸትና ጭስም አብሮ መጣ። በ1950ዎቹ መጨረሻ አውራው ጎዳና ከመንደሪቱ ውጭ እንዲዞር ተደረገ። ጸጥታ ተመለሰ፤ አላፊ አግዳሚው ግን ቀረ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ያፈረሰ ይክፈል ማለት እውነተኛ ፍርድ ነው። ይሁን እንጂ «ማን አፈረሰው?» እያልን ስንከራከር ጉድጓዱ ይሰፋል፤ በእርሱም የሚወድቀው የጎረቤታችን ልጅ ነው። ለተማሪዎቼ እመልስላቸው የነበረው ይህን ነው፦ መንገድ የሚሄድበት ሰው ሁሉ ነው፤ ዕዳውም እንዲሁ።