ፊደል ያሳታቸው ጠቅላይ ሚኒስትር

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይላል የአገሬ ሰው። ጃፓኖችም ጠቅላይ ሚኒስትራቸውን አልከሰሱም። ሳቁባቸው እንጂ! ያውም በቴሌቪዥን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2015 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቲቪ አሳሂ የተባለው ጣቢያ «ታሚኦ» የሚል አስቂኝ ተከታታይ ድራማ አቀረበ። ቁጡው ጠቅላይ ሚኒስትር ሙቶ ታይዛን እና ትምህርት ያልሆነለት ልጁ ሾ በድንገት ነፍሳቸው ይቀያየራል። አባት በልጁ ገላ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት፣ ልጅ በአባቱ ገላ ፓርላማ ይቆማል። ችግሩ፣ የተጻፈለትን ንግግር ማንበብ አይችልም።

ይህ ቀልድ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በመስከረም 2008 አሶ ታሮ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ከጦርነቱ በኋላ ጃፓንን የመሩት የዮሺዳ ሺገሩ የልጅ ልጅ ናቸው። እኚህ የትልቅ ቤት ልጅ ታዲያ በአደባባይ ንባብ ይስቱ ጀመር። «ታይቶ የማይታወቅ» ማለት የሆነውን «ሚዞ» «ሚዞዩ» አሉት። «የቀደመውን ይዞ መቀጠል» የሚለውን «ቶሹ» ደግሞ «ፉሹ» ብለው አረፉት። «ፉሹ» ሲሰማ የበሰበሰ ነገር ሽታ ማለትም ይሆናል!

በእኛ ፊደል «ሀ ሁ»ን የቆጠረ ሰው ማንኛውንም ቃል ማንበብ ይችላል። የጃፓኖቹ ካንጂ ግን ሌላ ነው። ያኔ ለዕለት ተዕለት አገልግሎት የተመደቡት ብቻ 1,945 ነበሩ፤ አብዛኞቹም ከአንድ በላይ ንባብ አላቸው። ስለዚህ መሳሳት ብርቅ አይደለም። መሪ ሲሳሳት ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

ነሐሴ 30 ቀን 2009 ምርጫ ተደረገ። ከ1955 ጀምሮ ያለ ብዙ መቋረጥ የገዛው የአሶ ፓርቲ ከ480 መቀመጫዎች 119 ብቻ አገኘ፤ ተቃዋሚው 308 ወሰደ። በዓመቱ የቀድሞው የባንክ ሠራተኛ ኢኬይዶ ጁን ድራማው የተመሠረተበትን ልብ ወለድ አሳተመ።

ታዲያ መንግሥት የወደቀው በ«ሚዞዩ» ነው? እኔ አይመስለኝም። በ2007 ባለቤታቸው ያልታወቀ 50 ሚሊዮን ያህል የጡረታ መዝገቦች መኖራቸው ተጋልጧል። በ2008 የዓለም ኢኮኖሚ ተናግቶ ሠራተኛው እየተባረረ ነበር። ሰው የተቆጣው በዚህ ነው። ስለ ጡረታ መዝገብ መቀለድ ግን ይከብዳል፤ ስለተሳሳተ ቃል መቀለድ ይቀላል። ሳቅ ሁልጊዜ የሚመርጠው ቀላሉን ነው፤ አደጋውም እዚሁ ላይ ነው።

ድራማው ይህንን የገባው ይመስለኛል። ማንበብ የማይችለው ሾ የዋህና ለሰው አዛኝ ነው። አንደበተ ርቱዕ ፖለቲከኞች በከበቡት መድረክ ከልቡ የሚናገረው እሱ ሆኖ ይገኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። «ታሚኦ» ሲታይ አሶ ታሮ የት ነበሩ? ቤታቸው እንዳትሉ! ከታኅሣሥ 2012 ጀምሮ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የገንዘብ ሚኒስትር ነበሩ፤ እስከ 2021ም ቆዩ። ድራማው ግን እስከ መጨረሻው ታየ፤ በ2024 ደግሞ ተከታዩ መጣ።

ሹሙ ወንበሩን አላጣም፣ ቀልደኛውም ምላሱን አላጣም። እናንተስ፣ ከሁለቱ የቱ ይበልጥ ይገርማችኋል?