የስሪ ማይል አይላንድ አደጋና «የሠራተኞች ስሕተት»

አንድ ትልቅ አደጋ በደረሰ ጊዜ «የሠራተኞች ስሕተት ነው» የሚል ፍርድ ቶሎ ይሰጣል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደ ተባለ፣ የታሪክ ተማሪ ፍርዱን ከመቀበሉ በፊት ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ መመርመር ይገባዋል። ለዚህም በአሜሪካ አገር በፔንሲልቫኒያ የስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ኤሌክትሪክ ማመንጫ ላይ በ1979 የደረሰውን አደጋ እንመለከታለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ማርች 28 ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ በማመንጫው ሁለተኛ ክፍል ውሃ የሚያቀርቡት ፓምፖች ቆሙ። ግፊት ከፍ ስላለ የማስተንፈሻው ቫልቭ ተከፈተ፤ ሪአክተሩም ወዲያው በራሱ ሥራውን አቆመ። ነገር ግን የቆመ ሪአክተርም ሙቀት ስለሚያወጣ ዘወትር በውሃ መቀዝቀዝ አለበት። ግፊቱ ሲወርድ ሊዘጋ ይገባው የነበረው ቫልቭ ግን ተከፍቶ ቀረ፤ ውሃውም በዚያ ይወጣ ጀመር። በመቈጣጠሪያው ክፍል ያለው መብራት የሚያመለክተው የመዝጊያው ትእዛዝ መተላለፉን ብቻ ስለ ነበር፣ መብራቱ ሲጠፋ ሠራተኞቹ ቫልቩ የተዘጋ መሰላቸው።

በሪአክተሩ ውስጥ ያለውን የውሃ ልክ በቀጥታ የሚያሳይ መሣሪያ አልነበረም። የግፊት መጠበቂያው ጋን ግን የሞላ ይመስል ነበር። ሠራተኞቹ ይህ ጋን ከልክ በላይ እንዳይሞላ እንዲጠነቀቁ የተማሩ በመሆናቸው ለአደጋ ጊዜ በራሱ የሚገባውን የማቀዝቀዣ ውሃ ቀነሱት። በዚያው ሰዓት ከመቶ የሚበልጡ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ይጮኹና ይበሩ ነበር። መፍሰሱ የቆመው ሌላ መዝጊያ ቫልቭ ከ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል በኋላ በተዘጋ ጊዜ ነው። ከሪአክተሩ እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀልጦ ተገኘ።

ውሃውን የቀነሱት ሠራተኞቹ መሆናቸው አይካድም። ሆኖም በሴፕቴምበር 1977 በኦሃዮ፣ ያው ኩባንያ በሠራው በዴቪስ ቤሲ ማመንጫ እንደዚሁ ያለ ቫልቭ ተከፍቶ ቀርቶ፣ እዚያም ሠራተኞቹ ውሃውን ቀንሰው ነበር። ሪአክተሩ የሚሠራው በ9 በመቶ ኃይል ስለ ነበርና ቫልቩም በ20 ደቂቃ ያህል ውስጥ ስለ ተዘጋ ጉዳት አልደረሰም። በኩባንያው ውስጥ ለሠራተኞች ግልጽ መመሪያ እንዲሰጥ በጽሑፍ ማሳሰቢያ ቢቀርብም፣ መመሪያው ከአደጋው በፊት አልተላከም። እንግዲህ የማርች 28ቱ ስሕተት በሌላ ቦታ አስቀድሞ የታየ ነበር ማለት ነው።

ፕሬዚዳንት ካርተር ያቋቋሙትና የሒሳብ ሊቁ ጆን ኬመኒ የመሩት ኮሚሽን በኦክቶበር 1979 ሪፖርቱን ሲያቀርብ የሠራተኞቹን ስሕተት ሳይሸሽግ፣ ሥልጠናውን፣ መመሪያውን፣ የመቈጣጠሪያውን ክፍል አሠራርና የተቈጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ነቅፏል። ከዚያ ወዲህ የሰው ሥራ አስተማማኝነት ራሱን የቻለ የጥናት ክፍል ሆኖ ተስፋፋ፤ ስዌይንና ጉትማን ያዘጋጁት መመሪያ መጽሐፍም በ1983 ታተመ።

የቼርኖቢልም ፍርድ በዚሁ መንገድ ተለውጧል። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ድርጅት አማካሪ ቡድን በ1986 አብዛኛውን ጥፋት በሠራተኞቹ ላይ ቢጥልም፣ በ1992 ለሪአክተሩ ንድፍ ጉድለት የበለጠ ክብደት ሰጥቷል።

ምክንያቱን ወደ ኋላ ብንከተል ኃላፊ የሚሆን ሰው አይገኝም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በእኛ አስተያየት ግን ኃላፊነቱ ይሰፋል እንጂ አይጠፋም፤ መብራቱን የነደፈውን፣ ትምህርቱን ያዘጋጀውንና ማሳሰቢያው ደርሶት ዝም ያለውን ሁሉ ይጨምራል። በመቈጣጠሪያው ክፍል የነበሩትን ሰዎች ብቻ ከስሶ የሚያበቃ ታሪክ ለሚቀጥለው ማመንጫ የሚያስተምረው ጥቂት ነው።