ቦንጋና የከፋ ምድር፦ ደኑን እንደ ታሪክ ሰነድ ማንበብ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት አነስተኛ ከተማና ስለ ዙሪያዋ ምድር ነው። ቦንጋ ከጅማ በስተደቡብ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ኮረብታማ ስፍራ ላይ ትገኛለች። ከጅማ የሚመጣ መንገደኛ የጎጀብን ወንዝ ሲሻገር ወደ ከፋ ይገባል። ጎጀብ የኦሞ ገባር ሲሆን፣ ለቀድሞው የከፋ መንግሥት በሰሜን በኩል የተፈጥሮ አጥር ነበር። ወንዝ የማይጠብቀውን ወሰን ደግሞ ከፋዎች ጥልቅ ቦይ ቆፍረው፣ በአጥርና በበር ዘግተውታል።

የመንግሥቱን ጅማሬ ትውፊቱ ወደ 14ኛው ክፍለ ዘመን ይወስደዋል። የሚንጆ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት «ታቶ» ይባሉ ነበር። ታቶው ግን ብቻውን አልገዛም፤ «ሚክሬቾ» የተሰኘው የሰባት መማክርት ሸንጎ ከጎኑ ነበረ። ቦንጋና አንድራቻ የነገሥታቱ መቀመጫዎች ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተመራው የአፄ ምኒልክ ጦር መንግሥቱን አፈረሰ። የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት ከተሸሸገ በኋላ ተይዞ ተጋዘ፤ ወደ ሀገሩ ሳይመለስም እ.ኤ.አ. በ1919 አረፈ። በሕዝቡ ላይ የደረሰው ግን ከንጉሡ ዕጣ የከፋ ነበር። ጦርነቱ፣ ረኃቡና ተከትሎ የመጣው የባሪያ ፍንገላ ብዙ መንደሮችን ባዶ አስቀሩ።

የዛሬው ንግግሬ ዋና ነጥብም ከዚህ ይነሣል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የከፋን ደን በባዮስፌር ክልልነት ሲመዘግብ፣ ዓለም ያየው የዱር ቡና መገኛ የሆነን ጥንታዊ ደን ነው። በኅትመቶቻችንም «ድንግል ደን» የሚለው ሐረግ ይደጋገማል። እኔ ይህን ሐረግ አልቀበለውም። በደኑ ውስጥ ዛፉ ባለቤት ነበረው፤ «ቆቦ» በሚባለው ልማዳዊ ሥርዓት ማን በየትኛው ዛፍ ላይ ቀፎ እንደሚሰቅል፣ ማን ከየትኛው ይዞታ ቡና እንደሚለቅም የታወቀ ነበር። አንዳንዱ ጥግ ደግሞ ለአምልኮ የተከለለ በመሆኑ መጥረቢያ አይነካውም። ከዚህም ሌላ፣ ዛሬ ጥቅጥቅ ብሎ ከምናየው ደን ከፊሉ ሰው ካለቀ በኋላ በአሮጌ እርሻና በእንሰት ጓሮ ላይ የበቀለ ይመስለኛል። እንዲህ ከሆነ፣ የምናደንቀው ልምላሜ በከፊል የዕልቂት አሻራ ነው።

ይህን ለመመርመር የጽሑፍ ምንጮቻችን ጥቂት ናቸው። ከፋ በራሱ ቋንቋ የጻፈው ዜና መዋዕል አልተረፈልንም። ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ማሳያ መንግሥቱ ሳይፈርስ በፊት አይቶታል፤ ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር ደግሞ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። የቢበር ሁለት ቅጾች ውድ ሀብት ናቸው፤ ነገር ግን እርሱ የመዘገበው የፈረሰን መንግሥት ትዝታ መሆኑን መርሳት የለብንም።

ስለ ስሙም አንድ ነገር ላንሣ። «ኮፊ» ከ«ከፋ» የመጣ ነው የሚለው አነጋገር ተወዳጅ ቢሆንም፣ ቃሉ በአውሮፓ ቋንቋዎች የገባው «ቀህዋ» ከሚለው የዓረብኛ ቃል ነው፤ ከዚያ ወደ ኋላ ያለው ዝምድና አከራካሪ ነው። ከፋዎች ራሳቸው ቡናውን «ቡኖ» ይሉታል። የከፋ ክብር በዚህ የቃል ዝምድና ላይ መንጠልጠል ያለበት አይመስለኝም።

ስሙ በሌላ መንገድም ተንከራትቷል። ከነፃነት በኋላ የተዋቀረው የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጅማ ነበረች፤ የቀድሞዋ የነገሥታት መቀመጫ ቦንጋ በጅማ ሥር ዋለች። እ.ኤ.አ. በ2021 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ግን የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከሉ ሆና ተመርጣለች። ከተማ ሲሰፋ መንገድ ይቀደዳል፣ መሠረት ይቆፈራል፤ የድሮዎቹ የወሰን ቦዮችም ካልተመዘገቡ በዚሁ ሥራ መካከል ይደፈናሉ።

ስለዚህ የመመረቂያ ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ በአንድ ቀበሌ ብቻ ተወስናችሁ የቦዮቹን ፈለግ፣ የበሮቹን ስምና የቆቦ ይዞታዎችን ወሰን ከአዛውንት ጋር እየተጓዛችሁ በካርታ ላይ አስፍሩ። አሮጌ እንሰት ወይም የቤት መሠረት በደን መካከል ስታገኙ ቦታውን መዝግቡ። እኔ ከፊሉ ደን በአሮጌ መንደር ላይ በቅሏል ያልሁት ትክክል መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።