የናይትሮጅን ማዳበሪያና የሒሳብ ቀመር ታሪክ

ገበሬ ማዳበሪያ ሲገዛ የሚያስጨንቀው «ልጨምር ወይስ ልተው?» የሚለው ብቻ አይደለም፤ «ምን ያህል ጨምሬ ላቁም?» የሚለው ይበልጥ ይከብዳል። ለዚህ ጥያቄ ሒሳብ የሰጠውን መልስ ከታሪኩ ጋር አያይዘን እንመልከት። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ያስፋፋው ሕግ፣ የሰብልን ዕድገት የሚወስነው ከሁሉ ያነሰው ንጥረ ነገር ነው ይላል። ሆኖም ሊቢግ ናይትሮጅንን ሰብል ከአየር በበቂ ያገኛል ብሎ ያምን ነበር። በእንግሊዝ አገር ጆን ሎዝና ጆሴፍ ጊልበርት በ1843 በሮታምስቴድ የጀመሩት የብሮድባልክ የስንዴ ሙከራ ይህን እምነት ውድቅ አደረገው። ናይትሮጅን ያልተጨመረለት ስንዴ ምርቱ ዝቅተኛ ሆነ። ሙከራው እስከ ዛሬ አልተቋረጠም።

እንዲህ ያሉ ሙከራዎች ሌላም ነገር አሳዩ። የመጀመሪያዎቹ ኪሎዎች ብዙ ምርት ሲያስገኙ የኋለኞቹ ጥቂት ብቻ ይጨምራሉ። በ1909 ጀርመናዊው ሚቸርሊኽ ይህን በቀመር ገለጸው፤ ይኸውም የአንድ ጭማሪ ውጤት፣ ምርቱ እስከ ጣሪያው ከቀረው ርቀት ጋር ተመጣጣኝ ነው የሚል ነው። ከእርሱ በኋላ ሌሎች ቀመሮች ተከተሉ።

ለምሳሌ ያህል እኛ ያዘጋጀነውን ይህን ቀመር እንውሰድ፦

ም = 12 + 0.2ና − 0.001ና²

ም በሄክታር የሚገኘው ምርት በኩንታል፣ ና ደግሞ የናይትሮጅኑ መጠን በኪሎ ግራም ነው። ከፍተኛው ምርት 22 ኩንታል ሲሆን የሚገኘውም በ100 ኪሎ ናይትሮጅን ነው። አንድ ኪሎ ናይትሮጅን የ8 ኪሎ እህል ዋጋ ካወጣ ግን ገበሬው በ60 ኪሎ ማቆም አለበት። በዚያ መጠን 20.4 ኩንታል ያገኛል። የቀረው 40 ኪሎ የሚጨምርለት 1.6 ኩንታል ብቻ ሲሆን የሚያስወጣው ግን የ3.2 ኩንታል ዋጋ ነው። ስለዚህ ከፍተኛው ምርትና ከፍተኛው ትርፍ አንድ አይደሉም።

ይሁን እንጂ ቀመሩን የሚመርጠው ሰው ነው። በ1990 ሴራቶና ብላክመር የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ የአዮዋ የበቆሎ ሙከራዎችን በአምስት ቀመሮች አሰሉ። አምስቱም ከተሰበሰበው መረጃ ጋር በእኩል ደረጃ የተስማሙ መሰሉ። አትራፊ ነው ያሉት መጠን ግን በአማካይ ከ128 እስከ 379 ኪሎ ግራም በሄክታር ተራራቀ! መረጃው አንድ ሆኖ ሳለ ምክሩ ግን ሦስት እጥፍ ያህል ተለያየ።

በአገራችንም ለብዙ ዓመታት በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ የሚል አንድ ወጥ ምክር ሲሰጥ ቆይቷል። ዳፕ 18 በመቶ፣ ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ስላላቸው ድምሩ 64 ኪሎ ናይትሮጅን ነው። ምክሩ ለማስታወስ ቀላል ቢሆንም የአፈሩን ዓይነት፣ የዝናቡን ሁኔታና የገበያውን ዋጋ አይለይም። ዝናብ ቀርቶ ሰብሉ ሲከሽፍ የማዳበሪያው ዕዳ የሚወድቀው በገበሬው ጫንቃ ላይ ነው።

እኛ መምህራን ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አለ። ተማሪዎቻችን ከላይ ያለውን ቀመር በአካባቢያቸው የእህልና የማዳበሪያ ዋጋ ያስሉት። ዋጋው ሲለወጥ መልሱም እንደሚለወጥ ያያሉ። ከዚያም «ይህ ቀመር ከየትኛው ማሳ የመጣ ነው?» ብለው እንዲጠይቁ እናስተምራቸው። ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ናቸውና ጥያቄውን ወደ ቤታቸው ይወስዱታል።