የኤም-16 ጠመንጃ ሁለት የመዝጊያ ተሸካሚዎች

አረብ ብረት፤ አንዱ በክሮም፣ ሌላው በፎስፌት የተለበጠ። እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ፤ ኮልት ፋብሪካ፣ ሃርትፎርድ፣ አሜሪካ።

ተሸካሚው መዝጊያውን ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል። የሚገፋው የተቃጠለው ባሩድ ጋዝ ነው፤ ጋዙም በቀጥታ ሆዱ ውስጥ ስለሚገባ ሙቀትና ጥላሸት ይከማችበታል።

የሚያብረቀርቀው ቀዳሚው ነው። ክሮም ጠንካራና ልሙጥ በመሆኑ ጥላሸቱ በጨርቅ ይጠረጋል፤ ብርሃን ማንጸባረቁ ግን ለወታደር አይበጅም።

ግራጫማው በትኩስ የፎስፌት ውህድ ውስጥ ተነክሮ የወጣ ነው። ይህ ልባስ ብቻውን ዝገትን እምብዛም አይመክትም፤ ጉልበቱ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ዘይት አምቆ መያዙ ነው። የአሜሪካ ጦር በኋላ ለኤም-16ኤ1 የመረጠው ይህንኑ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ክሮሙ ፈጽሞ አለመጣሉ ነው፦ በግራጫማው ተሸካሚ ውስጥ መዝጊያው የሚንሸራተትበት ቀዳዳ አሁንም በክሮም የተለበጠ ነው።